ከምድጃው በፊት ቀዳዳው

ጀልባ ገዝቶ ማድቤቷ ውስጥ የጋዝ ምድጃ ሊገጥም የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ጋዝ ሲያፈስ ከሚጮኹት አላርሞች የትኛው ይሻላል? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ውስጡ ግን አንድ ሙሉ እምነት አለ፤ ጋዙ ማምለጡ አይቀርም፣ ካመለጠም ጀልባዋ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፣ ለሰው የቀረለት ነገር ቢኖር ቶሎ መስማት ነው የሚል። ይህን እምነት አልቀበለውም። የምድጃ ደኅንነት የሚወሰነው ምድጃው አጠገብ አይደለም። ሲሊንደሩ በተቀመጠበት ሳጥን ግርጌ፣ ያመለጠ ጋዝ ወደ ውጭ በሚወርድበት ቀዳዳ፣ ከዚያ እስከ ምድጃው ባሉት መጋጠሚያዎች ላይ ነው የሚወሰነው። አላርሙ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ቀድሞ ሲገዛ እንዲያውም ጉዳት አለው፤ የባለቤቱን ገንዘብም ሐሳብም ይወስድና ቀዳዳው ሳይታይ ይቀራል።

የማወራው በተለይ እንግሊዞች ናሮውቦት ስለሚሏቸው የቦይ ጀልባዎች ነው። ወርዳቸው ከ2 ሜትር ብዙ የማያልፍ፣ ርዝመታቸው እስከ 22 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ታችኛቸው ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ጀልባዎች ናቸው። ድሮ የድንጋይ ከሰል ይጫንባቸው ነበር፤ ዛሬ ገሚሱ ይዝናናባቸዋል፣ በለንደን የቤት ኪራይ የተማረረው ደግሞ ይኖርባቸዋል። ማድቤታቸው ውስጥ የሚቀመጠው ባለአራት ዓይን የፕሮፔን ምድጃ አዲስ አበባ ላይ ቡታጋዝ ከምንለው ብዙም አይለይም። የቤት ልማዳችንን ይዘን ወደ ጀልባ ስንገባ የሚያሳስተንም ይኸው መመሳሰል ነው። ቤት በር አለው፣ ከበሩ ስር ክፍተት አለ፣ ሲሊንደሩን በረንዳ ላይ የሚያስቀምጥም ብዙ ነው፤ የፈሰሰ ጋዝ መሬት ለመሬት እየተሳበ መውጫ አያጣም። ጀልባ ግን ከታች በኩል በር የላትም፤ ቢኖራት ትሰምጣለች። እንደ ጋን ናት፤ ውስጧ የወረደ ነገር ካልተቀዳ አይወጣም።

የፕሮፔን ጋዝ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ሁለቱም ይወርዳሉ። ፕሮፔን ከአየር ጋር ሲደባለቅ 2 በመቶ አካባቢ ላይ መቀጣጠል ይጀምርና እስከ 10 በመቶ ገደማ ድረስ እሳት ከነካው ይፈነዳል። እነዚህን ቁጥሮች ብዙ ሰው ሰምቷቸዋል፤ ጀልባዋ ላይ አስቀምጦ የሚያሰላቸው ግን ጥቂት ነው። ከወለሉ ጣውላ ስር ያለው ባዶ ቦታ 15 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድ፣ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት አለው እንበል፤ 3,000 ሊትር ነው። የዚህ 2 በመቶ 60 ሊትር ጋዝ ነው። አንድ ኪሎ ፈሳሽ ፕሮፔን ሲተን ከ500 ሊትር በላይ ስለሚሆን፣ ያ 60 ሊትር የሚወጣው ከ120 ግራም ከማይበልጥ ፈሳሽ ነው። አንድ መካከለኛ የምድጃ ዓይን በሰዓት የሚያቃጥለው 145 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ዓይን ተከፍቶ ሳይለኮስ አንድ ሰዓት ከቆየ ከወለሉ ስር ያለው አየር በሙሉ ሊፈነዳ ይችላል። ይህም ጋዙ እኩል ተደባልቆ ነው ብለን ነው። እውነቱ ግን ጋዙ ከታች ይተኛል፤ አንዱ ጥግ የሚቀጣጠልበት መጠን ላይ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። አንድ የ13 ኪሎ ሲሊንደር ደግሞ ይህን መጠን ከመቶ ጊዜ በላይ ይይዛል።

ወርዶ የት ይሄዳል? ናሮውቦት ፕሮፔለሯ ጠልቆ እንዲገባ ስለሚፈለግ ከኋላ ትንሽ ዝቅ ብላ እንድትቀመጥ ትደረጋለች፤ ለዚያም ከወለሉ ስር የብረት ወይም የሲሚንቶ ክብደት ይደረደራል። ውሃ ወደ ኋላ የሚፈስበት መንገድ የጋዝም መንገድ ነው። ኋላ ደግሞ ሞተሩ አለ፤ የሞተሩ ማስነሻ አለ፤ ውሃ ሲጠራቀም ራሱን የሚያበራ ፓምፕ አለ። ባለቤቱ ተኝቶ እያለ የፓምፑ ማብሪያ አንድ ጊዜ ብልጭ ቢል በቂ ነው። ጋዙ እንዲሸት ተብሎ የተጨመረበት ሽታም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ሽታው ከጋዙ ጋር ከወለል በታች ነው፣ አፍንጫችን ግን ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ የናፍጣውና የረጋው ውሃ ሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ለይቶ ማወቅ ይከብዳል።

መልሱ ጋዙ ከመግባቱ በፊት እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሲሊንደሮቹ የሚቀመጡበት ሳጥን፣ በናሮውቦት ብዙውን ጊዜ የፊት ጫፍ ላይ ያለው፣ ከላይ ብቻ የሚከፈት መሆን አለበት። ግድግዳውና ወለሉ ቢያንስ እስከ ሲሊንደሩ ቁመት ድረስ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ጋዝ የማያሳልፍ፣ በብየዳ የተዘጋ መሆን አለበት። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያፈስ ቀዳዳ ይኖረዋል። ለትናንሽ ጀልባዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 10239፣ ቀዳዳው ከ19 ሚሊሜትር እንዳይጠብ፣ የሚወጣበትም አፍ ከመስኮት፣ ከበርና ከሌላ ወደ ውስጥ ከሚያስገባ ክፍተት 500 ሚሊሜትር እንዲርቅ ይጠይቃል። ደረጃውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ሳጥኑን ከፍቶ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። የገመድ ክምር ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። የበልግ ቅጠል ይበሰብስና ይደፍነዋል። ሁለተኛ ዙር ቀለም የቀባ ሰው ቀዳዳውንም ጨምሮ ይቀባዋል። የሲሊንደሩ የታች ክብ ጠርዝ ልክ ቀዳዳው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቀዳዳ አለ ማለት ከንቱ ነው። መልህቅና የብረት ካስማ እዚያው የሚጥልም አለ፤ ጀልባዋ ከዳር ስትጋጭ ያ ብረት ቫልቩ ላይ ነው የሚያርፈው። ሳጥኑ የጋዝ ሳጥን ነው፣ ዕቃ ቤት አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ስለሆነ። የብዙ ናሮውቦቶች የመጠጥ ውሃ ታንከርም ፊት ነው፣ ከጋዙ ሳጥን ብዙ የማይርቅ። ታንከሩ ብዙ መቶ ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ የፊቱ ጫፍ በግልጽ ይወርዳል። ታንከሩ ባዶ እያለ ከውሃው በላይ ሆኖ የታየው ቀዳዳ ሲሞላ ውሃው ውስጥ ይገባል። ያኔ ሁለት ነገር ይሆናል፤ የቦዩ ውሃ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ የሲሊንደሩን ግርጌ ያዝጋል፣ ያመለጠ ጋዝ ደግሞ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚለካው ታንከሩ ሞልቶ፣ ሲሊንደሮቹ ሙሉ ሆነው፣ ሁለት ሰው ፊት ቆሞ ነው። ሙከራውም ቀላል ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ይደፋል፤ ውሃው በአንድ ትንፋሽ ወደ ቦዩ መውረድ አለበት፣ ከግድግዳው ወዲያ በጀልባዋ ውስጥ ደግሞ አንዲት ጠብታ መታየት የለባትም። ውሃ ያሳለፈ ስንጥቅ ጋዝ እንደሚያሳልፍ የሚጠራጠር የለም። ውሃ ያላሳለፈው ግን ጋዝ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ለዚህ ነው ብየዳው ላይ ቸልታ የማይፈቀደው፣ ማሸጊያ ሲሊኮን ለጥፎ ማለፍም የማይበቃው።

ከሳጥኑ ወደ ምድጃው የሚሄደው ቱቦ ላይ ክርክሬ አጭር ነው፤ መጋጠሚያ ይቀነስ። ከሬጉሌተሩ በኋላ ያለው ግፊት ትንሽ ነው፣ በእንግሊዝ ለፕሮፔን 37 ሚሊባር፤ የመዳብ ቱቦው ራሱ በዚህ ግፊት አይፈነዳም። የሚያፈሰው መጋጠሚያው ነው። ጀልባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትንቀጠቀጥ ነገር ናት፤ ሞተሩ ያንቀጠቅጣታል፣ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የቦይ ውሃ መቆለፊያ ግድግዳ ይመታታል። ስለዚህ ለስላሳ ጥቅል መዳብ ተገዝቶ ከሳጥኑ እስከ ማድቤቱ ሳይቆረጥ ይሳባል፤ ከፍ ብሎ ከውሃ ርቆ ይሄዳል፣ እንዳይረግብ በየአጭር ርቀቱ ይታሰራል፣ ብረት ሲያልፍ ጎማ ይለብሳል። በቆርቆሮ ሳልዳቱራ የተያያዘ መጋጠሚያ አይገባም፤ ትንሽ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚቀልጠው እሱ ነውና ትንሹን እሳት ትልቅ ያደርገዋል። በቀለበት ተጨምቆ የሚያዝ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ቴፕ የሚጠመጥም ሰው ደግሞ መጋጠሚያው እንዴት እንደሚሠራ አልገባውም፤ የሚያሽገው ቀለበቱ ነው፣ ቴፑ ቀለበቱ በልክ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። ጎማ ቱቦን በተመለከተ፣ ባሕር ላይ የሚወዛወዝ ምድጃ ያላቸው ባለሸራ ጀልባዎች ያለሱ አይሆንላቸውም፣ ትክክልም ነው። የቦይ ጀልባ ግን አትወዛወዝም። ምድጃዋ በብሎን ከወለልና ከግድግዳ ጋር ከተያዘ የመዳብ ቱቦው በቀጥታ ሊገባበት ይችላል። ከኋላው ረጅም ጎማ አጥፎ መተው ለማጽዳት ይመቻል ይባላል፤ ምድጃውን በየወሩ ጎትቶ የሚያጸዳ ሰው ግን ብዙም አይገኝም።

አሁን ወደ አላርሙ ልምጣ። የአላርም ወዳጆች የሚሉት ይህ ነው፤ ሰው ይረሳል፣ ያንቀላፋል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ መሣሪያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። ቀላል ክርክር አይደለም። ግን መሣሪያው ምን እንደሆነ እንይ። ስሱ ክፍሉ የሚቀመጠው ጀልባዋ ውስጥ እጅግ ርጥብ በሆነው ቦታ ነው። ውሃ ከነካው ይበላሻል፤ ከማሸጊያ ሲሊኮንና ከፀጉር ስፕሬይ የሚወጣ ትነት ያደነዝዘዋል፤ ዕድሜውም በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነው። የሚያሸተው አፍንጫው ያለበትን ጥግ ብቻ ነው፣ የጀልባዋ ወለል ስር ግን በብረት አግዳሚዎች የተከፋፈለ ነው። ሳይቋረጥ የባትሪ ኃይል ይጠጣል። በውሸት ሁለት ሌሊት ከጮኸ ደግሞ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ሽቦው ይነቀላል፤ ይህን የሚያደርገው ሰነፍ ሰው ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን የሚጮኸው ጋዙ ከገባ በኋላ ነው። የገባውን ጋዝ አያወጣም። ባለቤቱ ደንግጦ ተነስቶ መብራት ቢያበራስ?

ፍሳሽን በአረፋ የሚፈትሽ ሌላ መሣሪያ ግን አለ። ትንሽ ነገር ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ከሬጉሌተሩ ቀጥሎ ይገጠማል፣ ፈሳሽ ያለበት የመስታወት ጽዋ አለው፣ አናቱ ላይ ቁልፍ አለ። ምድጃው በሙሉ ተዘግቶ፣ የሲሊንደሩ ቫልቭ ተከፍቶ ቁልፉ ሲጫን ወደ ቱቦው የሚሄደው ጋዝ ሁሉ በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። ከዚያ እስከ ምድጃው ድረስ የትም ቦታ የሚያፈስ ካለ አረፋ ይታያል፤ ከሌለ ፈሳሹ ዝም ይላል። ቱቦው ከእንጨት ግድግዳ ጀርባ ተደብቆ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ባትሪ አይፈልግም፣ ስህተቱን የሚናገረውም ጋዙ ገና በቱቦው ውስጥ እያለ ነው። አሜሪካኖች በዚህ ቦታ የግፊት መለኪያ ይመርጣሉ፤ ሲሊንደሩን ከፍቶ መዝጋት፣ ከዚያ መርፌው እንዳይወርድ ሦስት ደቂቃ ማየት። እሱም ያው ሐሳብ ነው፣ ከሲሊንደሩ ጀምሮ ስለሚፈትሽም የተሻለ ጎን አለው። እኔ አረፋውን የምመርጠው ሦስት ደቂቃ የሚቆም ሰው ስለሌለ ነው።

እነዚህ ነገሮች ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ማየት ክርክሩን ይቋጨዋል ባይ ነኝ። ከሲሊንደሩ እስከ ሬጉሌተሩ ያለው ከፍተኛ ግፊት ያለበት ክፍል ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያፈሰሰ በቀዳዳው ይወርዳል። ከሬጉሌተሩ እስከ ምድጃው ያለውን አረፋው ይፈትሸዋል። ሾርባ ገንፍሎ ወይም ንፋስ ገብቶ እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ በየዓይኑ አጠገብ ያለችው ቀጭን ቴርሞካፕል ትቀዘቅዛለች፤ ስትግል የምታመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ይቋረጥና ማግኔቱ ቫልቩን ይለቃል፣ ጋዙ ይዘጋል። ይህች የሌለችበት ምድጃ በነጻም ቢሰጥ ጀልባ ላይ አይወጣም። ሦስቱ ካሉ ለአላርሙ የሚተርፈው ጠባብ ጊዜ ነው፤ ሰው ጀልባዋ ውስጥ እያለ፣ ሲሊንደሩ ክፍት ሆኖ፣ በሁለት ፍተሻ መካከል የሚለቅ መጋጠሚያ። ይህ ጊዜ የለም አልልም። ስለዚህ አላርሙን የሚገዛ ይግዛ፣ መጨረሻ ላይ። አላርሙ ሳጥኑ ውስጥ ካለ ቫልቭ ጋር ተያይዞ እሱን የሚዘጋ ከሆነማ ክብር ይገባዋል፤ ያኔ መጮህ ብቻ ሳይሆን ምንጩንም ይዘጋልና።

ታዲያ የካርቦን ሞኖክሳይዱን አላርም ለምን ያለ ቅሬታ ትቀበላለህ የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ጀልባዎችን የሚመረምረው የጀልባ ደኅንነት መርሐ ግብር ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ግዴታ ያደረገውን ያንን አላርም አንድም ጊዜ አልተቃወምኩም። ልዩነቱ ጋዙ ራሱ ላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ክብደቱ ከአየር ጋር እኩል ሊባል የቀረበ ስለሆነ በቀዳዳ አይወርድም፣ ቱቦ ውስጥ ስለማይገኝ በአረፋ አይፈተሽም። የሚፈጠረው እሳቱ አየር ሲያንሰው፣ እዚያው ሰውየው በተኛበት ክፍል ነው። በጃንዋሪ 2014 ዊትቢ ወደብ ላይ ኤሽኮል በተባለች የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ውስጥ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ተኝተው ሞተዋል፤ ለሙቀት ብለው የጋዝ ምድጃውን ግሪል ለኩሰው ነበር፣ አላርም አልነበራቸውም። እዚያ ቀዳዳ ምንም አይሠራም። የሚሠራው የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ፣ ለጀልባ የተሠራ አላርም፣ ምድጃን ማሞቂያ ያለማድረግ ልማድ ነው። ክረምት ሲገባ የአየር ማስገቢያውን በጨርቅ የሚወትፍ ሰው ያንን ሁሉ በአንድ እጁ ያፈርሰዋል፤ ብርዱን አውቃለሁ፣ ግን ሹራብ ይደርብ።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ጋዙን ትቶ ኤሌክትሪክ ለምን አይሆንም የሚሉ እየበዙ ነው። ዳር ላይ ቆማ ከምሰሶ ኤሌክትሪክ የምትወስድ ጀልባ ላይ እስማማለሁ፤ ኢንዳክሽን ምድጃ ገጥሞ ማረፍ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቦታዋን የምትቀይር ጀልባ ግን ሌላ ነገር ናት። 2 ኪሎዋት የሚወስድ አንድ ዓይን ከ12 ቮልት ባትሪ ከ160 አምፔር በላይ ይስባል፤ ለዚያ የሚበቃ ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ሽቦ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ በጥንቃቄ ያልተሠራ ከሆነም የራሱ እሳት አለው። በታኅሣሥ ግራጫ ሰማይ ስር የጣሪያው ሶላር ሻይ ለማፍላት እንኳ ይቸግረዋል። በስፒሪት የሚሠራ ምድጃ አለ፣ በናፍጣ የሚሠራም አለ፤ አንዱ ቀስ ይላል፣ ሌላው ለበጋ ይከብዳል። ጋዙ የቆየው ጉድለት ሳይኖርበት ቀርቶ አይደለም፤ ጉድለቱ የታወቀና የሚፈታ ስለሆነ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ እኔን የያዘኝ ነገር ቢኖር በደንብ የተሠራው ክፍል አለመታየቱ ነው። እንግዳ የሚያደንቀው የምድጃውን መስታወት ነው። ከግድግዳ ጀርባ በልክ የታጠፈውን መዳብ፣ ጥርት ያለውን ቀዳዳ ማንም አያመሰግንም። የመርሐ ግብሩ መርማሪ በየአራት ዓመቱ ይመጣል፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሁሉ ሳጥኑን የሚከፍተው ሲሊንደር የሚቀይረው ሰው ብቻ ነው። እሱ ቁልፉን ተጭኖ ፈሳሹን ካላየ ማንም አያይለትም።

ሕጉ ላይ አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዝ የጋዝ ደንብ ሰው የሚኖርባትን ወይም ለኪራይ የቀረበችን ጀልባ ጋዝ የሚነካ ባለሙያ ጋዝ ሴፍ በተባለው የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ ላይ ያለ፣ ለጀልባም ብቃት ያለው እንዲሆን ያስገድዳል። ለመዝናኛ ብቻ የተያዘች የግል ጀልባ ላይ ግን ባለቤቱ ራሱ ቢሠራ አይከለክልም። ነፃነቱን ደስ ብሏቸው የሚጠቀሙበት ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም እጃቸው ጥሩ ነው። እኔ ሥራውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ሳጥኑን፣ ቀዳዳውን፣ የአየር ማስገቢያውን፣ የምድጃውን ማሰሪያ ባለቤቱ ይሥራ፤ እነዚህ በዓይንና በባልዲ ይፈተሻሉ። ቱቦውንና ሬጉሌተሩን ግን የመዝገቡ ሰው ይግጠም፤ ሲጨርስም የግፊት መለኪያውን ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እያየ ያንብብ፣ ያነበበውን ቁጥር ጽፎና ፈርሞ ይስጠው።